«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝ፤ እኔ ግን አልወለድኩም

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ዕድሜዬ 46 ነው። ከአራት ሳምንት በፊት የማዮማ (የማሕፀን እጢ) ኦፕራሲዮን ተደርጎልኝ ማሕፀኔን አወጡት። ተመስገን፣ እየተሻለኝ ነው። ችግሬ ሰው ነው። ሲያዩኝ ደህና እመስላለሁ። ስለዚህ ያገኘኝ ሁሉ ጎትቶ ያቅፈኛል፣ በትከሻው ይገጨኛል። ደንበኛው «ያንን ጀሪካን አውርጂልኝ» ይለኛል። ባጃጅ ስገባ የሰው ክርን ሆዴ ላይ ነው። አንድ ቀን ሆዴን በመቀነት አስሬ፣ ሻሽ ጠምጥሜ፣ ጋቢ ደርቤ ብወጣ አንዲት እናት «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ብለው እልል ሊሉ ነበር። በነጋታው ጥቁር ቀሚስ በነጠላ ለበስኩ፤ «ማን ሞተብሽ?» ተባልኩ። ውጭ አገር ያለችው ልጄ ይህን ስነግራት ደረቱ ላይ በትልልቅ እንግሊዝኛ «ከኦፕራሲዮን እያገገምኩ ነው፤ አትቀፉኝ» የሚል ቲሸርት ላከችልኝ። ባለቤቴ «ልበሺው፣ ምናለበት» ይላል። እኔ ግን አፈርኩ። «የምን ኦፕራሲዮን?» ሲሉኝስ ምን ልበል? ደግሞ የእህቴ ልጅ ሰርግ ደርሷል። ምን ለብሼ ልውጣ?

«ሆዴን ልያዝ»፣ ከሐረር

*

እህቴ «ሆዴን ልያዝ»፣

በመጀመሪያ እግዜር ይማርሽ። ጎረቤቶችሽ እንደሚሉትም አላህ ያሽርሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ መሳቄን አልደብቅሽም። አንቺ ግን አትሳቂ። ከሳቅሽም ሆድሽን በትራስ ደግፊ። ወደ ትራሱ እመጣለሁ፣ ዋናው መልሴ እሱ ነው።

አንቺ ማለቴን ደግሞ የሌላ አገር አንባቢ እንዳይታዘበኝ። እኛ ጋ አንቱታ ብዙም አይወደድም።

እንግዲህ እኚያን እናት አትቀየሚያቸው። ሻሽ፣ ጋቢ፣ የታሰረ ሆድ፣ ቀስ ያለ እርምጃ! ይሄ ከላይ እስከ ታች የአራስ ልብስ ነው። ጆሮሽ ላይ ጥጥ ብትወትፊበት ኖሮ ገንፎ ይዘውልሽ ይመጡ ነበር። በነጋታው የለበስሽው ደግሞ የሐዘን ልብስ ነው። ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ የነጠላዋን ጥለት ወደ አንገቷ አዙራ የምትሄድ ሴት አይተው «ማን ሞተ?» ባይሉ ነበር የሚገርመኝ።

ሐረር ልብስ ማንበብ የምታውቅ ከተማ ናት። ያገባች የሐረሪ ሴት ጸጉሯን ከጆሮዋ ኋላ ሁለት ቦታ ጠቅልላ ጉፍታ በሚባል የጸጉር መረብ ትይዘዋለች። ያየ ሁሉ ባለትዳር መሆኗን ያውቃል። ቤቱ ሳይቀር ይናገራል። በድሮው የሐረሪ ቤት ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ፣ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ሽማግሌ የሚልክ ቤተሰብ ቀና ብሎ ማየት ይበቃዋል።

ለአራስ ልብስ አለን። ለሐዘንተኛ አለን። ለሙሽራ አለን። ከኦፕራሲዮን ለተነሳ ሰው ግን የለንም። ድሮ ሆዱ ተከፍቶ የሚተርፍ ሰው ብዙ አልነበረማ! እግሩ ወይም እጁ የተሰበረው ይሻላል፤ ጄሶውን ያየ ሰው መንገድ ይለቅለታል። ያንቺ ስፌት ቀሚስ ሥር ነው። ፊትሽ ደግሞ አምሮበታል፣ ወር ሙሉ አርፈሻላ። ማን ያውቅልሻል?

ልጅሽ ይሄ ገብቷታል። ሐሳቧን ወድጄላታለሁ። ቲሸርቱን ለብሰሽ ገበያ አትውጪ እንጂ።

ምክንያቴን ልንገርሽ። ሸዋ በር ላይ ደረቱ ላይ እንግሊዝኛ የሌለበት ቲሸርት ፈልገሽ አታገኚም። ልባሽ ጨርቁ ሁሉ ጽሑፍ ነው። አንዱ የአሜሪካ ኮሌጅ፣ አንዱ የቢራ፣ አንዱ ሰምተነው የማናውቅ የኳስ ቡድን። ማን ያነበዋል? ያንቺንም እንደዚያው ያልፉታል። ቆሞ ያነበበው ደግሞ ይብሳል። «ውይ እኔን! ምን ሆነሽ?» ብሎ አንገትሽ ላይ ይጠመጠማል። አትቀፉኝ የሚለው ጽሑፍ እቅፉ ውስጥ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጽሑፉ ጥያቄ ይጠራል። ኦፕራሲዮን የሚል ቃል ያነበበ ሰው የምን እንደሆነ ሳያውቅ አያድርም። አንቺ ደግሞ የማሕፀን ነገር ለአላፊ አግዳሚው ማውራት አልፈለግሽም። መብትሽ ነው። ስለዚህ ቲሸርቱን ልበሺና ፎቶ ተነሺ፣ ለልጅሽ ላኪላት፣ ደስ ይበላት። ከዚያ የሌሊት ልብስ ይሁንሽ።

የሚያገግም ሰውን በልብስ የማሳወቅ ነገር በሌላ አገር ቆይቷል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ቆስለው የሚያገግሙ ተራ ወታደሮች የሆስፒታል ሰማያዊ ይለብሱ ነበር። ሰማያዊ ኮትና ሱሪ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ቀይ ክራባት። መንገድ ላይ ያያቸው ሁሉ ማን እንደሆኑ ያውቃል። መጠጥ ቤቶች ደግሞ ሰማያዊ ለለበሰ ሰው መጠጥ እንዳይሸጡ ተከልክለው ነበር። ልብሱ ግን በልክ አልተሰፋም፤ አንዱ ላይ ይንዘላዘላል፣ አንዱ ላይ ያጥራል፣ ኪስ እንኳን አልነበረውም። መኮንኖቹ ይሄን አይለብሱም። በራሳቸው ዩኒፎርም ላይ ነጭ የክንድ መለያ ብቻ ያደርጋሉ። ቁስሉ ያው ቁስል ነው፣ ማዕረግ ግን እዚያም ማዕረግ ነው።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ያ ሰማያዊ ልብስ እግሩ ይሁን ሳንባው፣ ጥይት ይሁን ጋዝ፣ አይናገርም። ከተማው ምን ማድረግ እንዳለበት ብቻ ነው የሚናገረው። ከዚያ ወዲህ የመጡትም ምልክቶች እንደዚያው ናቸው። የለንደን ትራንስፖርት በፈረንጆቹ 2005 ለነፍሰ ጡሮች ደረት ላይ የሚደረግ ክብ ባጅ ማደል ጀመረ፤ ሆዷ ገና ላልገፋ ሴት ወንበር እንዲለቀቅላት ነው። ቶኪዮ በ2012 ቀይ መለያ አወጣች። ነጭ መስቀልና ልብ አለበት፣ ቦርሳ ላይ ይንጠለጠላል። ሰው ሠራሽ ዳሌ የገባለትም፣ የውስጥ ሕመም ያለበትም፣ ገና የፀነሰችም ያንኑ አንድ መለያ ነው የሚያንጠለጥሉት። ያየ ሰው «ይሄ ሰው እገዛ ይፈልግ ይሆናል» ይላል፣ በቃ። በ2016 ደግሞ ከለንደን አጠገብ ያለው ጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ ሕመማቸው ለማይታይ መንገደኞች የሱፍ አበባ ያለበት አረንጓዴ የአንገት ማንጠልጠያ አመጣ። አሁን በብዙ አገር ይታወቃል።

አንቺም የሚያስፈልግሽ እንዲህ ያለ ነው። «ቀስ በሉ» የሚል፣ ለምን እንደሆነ የማይናገር። ግን የሱፍ አበባ አንገትሽ ላይ ብታንጠለጥዪ ሐረር ውስጥ ዘይት አከፋፋይ ሆነች ይሉሻል እንጂ ማንም አይገባውም። ምልክቱ ሳይማሩት የሚገባ መሆን አለበት።

ስለዚህ ትራስ ያዢ።

እየቀለድኩ አይደለም። ሆዱ ወይም ደረቱ የተከፈተ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲስቅ፣ ከአልጋ ሲነሳ ትራስ ቁስሉ ላይ አድርጎ እንዲደግፍ ነርሶች ይመክራሉ። ሲደገፍ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ሰውም ሳይፈራ ደህና አድርጎ ያስላል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሆስፒታሎች የልብ ኦፕራሲዮን ላደረገ ሰው በልብ ቅርጽ የተሰፋ ቀይ ትራስ ይሰጣሉ። ይዞት ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። መኪና ውስጥም በደረቱና በቀበቶው መሃል ያደርገዋል።

ያ ለሳል የተሰጠ ትራስ ሳይታሰብ ሌላ ሥራ ይሠራል። ትራስ ሆዱ ላይ ይዞ የሚሄድን ሰው ማንም ሮጦ አያቅፍም። መጀመሪያ ይቆማል። «ምን ሆና ነው?» ይላል። አንቺ የምትፈልጊው ያቺን መቆም ነው። ደግሞ ከማንም ጋር አያምታታሽም። አራስ ልጅ ነው የምትይዘው፣ ሐዘንተኛ ነጠላዋን ነው የምትይዘው። ትራስ ይዞ ገበያ የሚወጣ ሌላ ሰው የለም። በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጁገል ውስጥ ሁለት ሰው ሲተላለፍ ትከሻ ለትከሻ የሚታከክባቸው መንገዶች አሉ። እዚያ ስትገቢ ከሚመጣው ክርንና ዘንቢል በፊት የሚቀድመው ትራሱ ይሆናል።

የአልጋ ትራስ ይዘሽ ግን አትውጪ፣ ያ ሌላ ወሬ ነው። ባለቤትሽን ልብስ ሰፊዎቹ ጋ፣ መኪና ግርግር ላኪው። አንቺ አትሂጂ፣ መንገዱ ይገፋል። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ ሲወርዱ ግራና ቀኝ ስፌት መኪናቸውን ደርድረው ከተቀመጡት አንዱን መርጦ ያሰፋልሽ። ወርዱ ሁለት ስንዝር፣ ቁመቱ አንድ ስንዝር ይሁን። ውፍረቱ አራት ጣት ይበቃል። ውስጡ ስፖንጅ ወይም ደህና ተጠቅጥቆ የገባ ጥጥ ይሁን። በጣም ከለሰለሰ ሲጫኑት ይሟሽሻል፣ ምንም አይደግፍም። ልብሱ የሚወልቅ ይሁን፣ ሁለት ይሰፋልሽ፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱን ታለብሽዋለሽ። ዚፑን በውጭው በኩል ያድርገው፣ ሆድሽን እንዳይቧጭር።

ከዚያ ሰፋ ያለ የጨርቅ ማንገቻ ያስገባለት፣ እንደ ቦርሳ በትከሻሽ የምታንጠለጥዪው። ስኳር ስትመዝኚ ሁለቱም እጅሽ ነፃ ይሆናል። ማንገቻው ትራሱን ሆድሽ ላይ አጥብቆ የሚያስር አይሁን። ከፊትሽ ይንጠልጠል፣ ሲያስፈልግ በእጅሽ ትጫኚዋለሽ። ፊቱ ላይ ኪስ ይኑረው፤ ስልክሽን፣ መድኃኒትሽን፣ የቀጠሮ ካርድሽን ትይዥበታለሽ። የእንግሊዞቹን ስህተት እኛ ለምን እንደግማለን? ቀለሙ ቢጫ ወይም ቀይ ይሁን። ጥቁር እንዳታስመርጪ፣ እዝን መጣሁ የሚልሽ አይጠፋም።

ከትራሱ ሥር ድሪያ ልበሺ። ለዚህ ጊዜ ከድሪያ የተሻለ ልብስ የሰፋ አገር ያለ አይመስለኝም። ሰፊ ነው፣ ስስ ነው፣ ሆድ ላይ የሚያስር ነገር የለውም። ላስቲክ ያለው ጉርድ ቀሚስና ጂንስ ሳጥን ውስጥ ይቆዩ። ጠዋት ብርድ ካለ በቁልፍ የሚዘጋ ሹራብ ደርቢ። የውስጥ ሱሪሽን አስቢበት፣ ሴቶች እዚህ ላይ ነው የምንሳሳተው። የማሕፀን ኦፕራሲዮን ስፌት ብዙ ጊዜ ከእምብርት በታች፣ ልክ የውስጥ ሱሪው ላስቲክ በሚያርፍበት መስመር ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ላስቲኩ ሲፈትገው ይውላል። እስከ እምብርት የሚደርስ፣ የጥጥ፣ ከልክሽ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ግዢ። አያምርም። ማን ያየዋል?

መቀነቱን ፍቺው። አንዳንድ ሐኪም የሆድ ማሰሪያ ያዛል፤ እሱ ሰፊ ነው፣ ሆድን እኩል ይይዛል። መቀነት ግን ስትንቀሳቀሺ ይጠቀለልና በአንድ መስመር ይቆርጣል። ማሰሪያ ከታዘዘልሽም ትንፋሽ እስኪያጥርሽ አታጥብቂው።

ሰላምታው ላይ ፈጣን መሆን አለብሽ። የሐረር ሰው ክፉ አስቦ አይደለም፣ ሳይነካሽ ሰላም ያለሽ አይመስለውም። ካቀፈሽ በኋላ «ቀስ!» ብትይ ምን ዋጋ አለው? አምስት እርምጃ ሲቀረው ቀኝ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ፣ በግራሽ ትራሱን ያዢ፣ ጎንበስ በዪ። ጎንበስ ስትዪ በአንገትሽ እንጂ በወገብሽ አይሁን። ይሄን ሰላምታ ማንም አይቀየመውም። እኛ ጋ ሴትና ወንድ ሲገናኙ ብዙ ሰው በዚህ ነው ሰላም የሚባባለው፣ በእኛ አቆጣጠር በ2012 ኮሮና ሲመጣ ደግሞ የቀረነውም ተማርነው። «ዛሬ ሰላምታዬ በሩቁ ነው» በዪና ሳቅ በዪለት። ሳቁ አይቅር፣ አለዚያ የተኳረፋችሁ ይመስለዋል። ልጆች ግን ይሄ አይገባቸውም፤ ሮጠው ሆድሽ ላይ ነው የሚጋጩት። እነሱን ስታዪ ዘወር በዪ፣ ጎንሽን ስጫቸው።

ባጃጅ ላይ ለጥቂት ሳምንት የሁለት ሰው ክፈይ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ኮብልስቶን ላይ ሦስት ሆኖ ተጣቦ መሄድ ላንቺ አይሆንም። ትራሱን በሆድሽና በፊት ለፊቱ ብረት መሃል አድርጊ። ሹፌሩን ከመነሳቱ በፊት «አቦ ቀስ በልልኝ፣ ሆዴን ያመኛል» በይው። ኦፕራሲዮን አትበይ፣ ሆዴን ብቻ።

ጽሑፍ የሚያስፈልገው ሱቅሽ ነው። ካርቶን ቅደጂና በደህና ማርከር በአማርኛም በኦሮምኛም ጻፊበት፦ «ባለሱቋ ለጊዜው ከባድ አታነሳም፤ ዕቃውን ራስዎ ያውርዱ»። ሚዛኑ አጠገብ ለጥፊው። ይሄ ጽሑፍ ለምን ብሎ አያስጠይቅም፣ ሰው እጁን ይዘረጋል ያወርዳል። ለዓይን ያህል ልክ ልስጥሽ። ከእንዲህ ያለ ኦፕራሲዮን በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ያህል ከአራት ከአምስት ኪሎ በላይ አታንሺ ይባላል። ባለ አምስት ሊትሩ ዘይት አራት ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል፤ ጫፍ ላይ ነው ያለው። የሃያ ሊትር የውሃ ጀሪካንማ አይታሰብም። ውሃ መጣ ሲባል ግር ብለሽ እንደምትነሺ አውቃለሁ፣ እኛ ሁላችንም እንደዚያ ነን። ያን ቀን ቁጭ በዪ። ባለቤትሽ ይቅዳ። ቲሸርት ልበሺ ከማለት ጀሪካን ማንሳት ይቀድማል፣ ይህን አንብቢለት።

አሁን ያስጨነቀሽ ጥያቄ። «የምን ኦፕራሲዮን ነው?» ሲሉሽ «ሆዴን ነው፣ ተመስገን አለፈ» በዪ። ሆድ ሰፊ ነው። ሐሞትም፣ ትርፍ አንጀትም፣ እጢም፣ ሁሉም ሆድ ነው። ቀጥለሽ ሳትተነፍሺ «ያንቺ ወገብሽ እንዴት ሆነ?» በዪ። ስለራሷ ሕመም ከተጠየቀች በኋላ ወደ ሰው ሆድ የምትመለስ ሴት እስካሁን አላየሁም። የማትለቅሽ ከሆነች «ሐኪሙ ብዙ አታውሪ ብሎኛል» በዪያት። ሐኪሙ እንዲህ አላለም፣ ቢሰማ ግን የሚቃወም አይመስለኝም። ለጠያቂ ዘመድ ደግሞ አንድ ሰው ወክዪ፣ ምራትሽም ትሁን እህትሽ። እሷ የምትለውን ቀድማችሁ ተስማሙ። አንዱ ጋ ሐሞት፣ ሌላው ጋ ኩላሊት ከተባለ ከተማው ሌላ በሽታ ጨምሮ ይሰጥሻል።

አንዳንዶቹ «ሽታ ያመረቅዝብሻል» ብለው ሽቶ የተቀባ ሰው እንዳይጠጋሽ ሳይነግሩሽ አልቀሩም። ቁስል የሚያመረቅዘው ጀርም ሲገባበት ነው። ሽቶ በአየር ላይ አያመረቅዘውም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ለአሁኑ ይሄ እምነት ይጠቅምሻል፣ ሰውን ያርቅልሻል። ክርክር አትግጠሚ። ቁስሉ ላይ ቅቤ፣ ቅጠል ወይም የቡና ዱቄት ካመጡልሽ ግን እሺ አትበዪ። ንጹህና ደረቅ ይሁን፣ ያ ይበቃዋል።

በትራስና በድሪያ ተውበሽ ስትሄጂም ሰውነትሽን አድምጪ። ትኩሳትሽ 38 ከደረሰ፣ ቁስሉ ከቀላ፣ ካበጠ፣ መግል ከያዘ ወይም አፉን ከከፈተ፣ ከታች ብዙ ደም ከፈሰሰሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ አታሳድሪው። የአንድ እግርሽ ባት ካበጠና ካመመሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ደግሞ በዚያችው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ግቢ። ደም እግር ውስጥ ረግቶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። እሱን ለመከላከል ነው ቀስ እያልሽ ተራመጂ የሚሉሽ። ስለዚህ ትራሱ መውጫሽ ይሁን እንጂ መተኛ አታድርጊው።

መቼ ይውረድ? በሆድ በኩል ተከፍቶ ማሕፀኗ የወጣ ሴት ደህና ለመዳን ብዙ ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጅባታል። ቆዳው ቶሎ ይገጥማል፣ ከሥር ያለው ንብርብር ነው የሚዘገየው። አራት ጨርሰሻል። ቀጠሮሽ ላይ ሐኪሙ አይቶ «በቃ» ሲልሽ ትራሱን ቤት አስቀምጪው፣ ካርቶኑንም ከሱቁ አንሺው። ሁለት ወር ሦስት ወር ጨምረሽ ከያዝሽው «ባለትራሷ» የሚል ስም ይወጣልሻል። ሐረር ላይ የወጣ ስም ደግሞ ሞተሽም አይለቅሽ።

የሰርጉ ነገር። ሂጂ፣ የእህት ልጅ ሰርግ አይቀርም። የሐበሻ ቀሚስሽን ወገቡ ላይ ሰፋ አስደርጊው፤ መቀነቱ ይቅር፣ ነጠላው ይበቃል። ለትራሱ ከቀሚሱ ጥለት ጋር የሚሄድ ልብስ አሰፊለት፣ ሰርግ ነው፣ ዘንጦ ይምጣ። ቀደም ብለሽ ድረሺ። ሰው ሳይበዛ ግድግዳ ያለበት ጥግ ፈልጊ፣ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላ በኩል እህትሽ ትቀመጥ። እልልታ ሆድ ነው የሚይዘው፣ እሱን ለሌሎች ተይላቸው። ሙሽሮቹ ሲገቡ አትነሺ፣ ዞረው ሲመጡ ይስሙሻል። ለምሳ ሰልፍ አትግቢ፣ ያመጡልሻል። እስክስታው ሲጀመር «ተነሺ እንጂ!» ብሎ እጅሽን የሚጎትት አንድ ዘመድ አይጠፋም። ይሄን ሰው ቤተሰቡ ሁሉ ስለሚያውቀው ባለቤትሽ ቀድሞ ይንገረው። ስጦታው ደግሞ ብርድ ልብስ ከሆነ አንቺ እንዳትሸከሚው፣ እሱ ከዘይቱም ይከብዳል።